የሰማህ ላልሰማ አሰማ፦ ክፉ ቀን ሲመጣ መሥሪያ ቤት በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ይናገር?

(በቋንቋ ክፍል ሰልጣኞች ለግድግዳ ጋዜጣችን የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

መግቢያ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ትርጉሙ በደንብ የገባን ግን ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ነው። ስለሆነም ጽሑፋችንን ከዚያው ታሪክ እንጀምር።

ከመርጡለ ማርያም ከተማና ከአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አምስት ሆነን ተመድበን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ብዙም ሳይቆይ አራት ጓደኞቿ «ሆዳችንን አመመን፣ ዞረብን» አሉ። ልጆቹ ጥላ ሥር ተኝተው ሳለ አንድ ሰው ፎቶግራፍ አነሳ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ያ ፎቶ «የትምህርት ቤቱ ውሃ ተመርዟል፣ ልጆች እየሞቱ ነው፣ ሼር አድርጉ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በቴሌግራም መጣ። እኛም ደረሰን። ምን አደረግን? ከአምስታችን ሦስታችን ወዲያው ለሌላ አሻገርነው። «ሰው ይጠንቀቅ ብለን ነው» አልን ለራሳችን። ልብ በሉ፦ እኛ ግቢው ውስጥ ነበርን። ሃምሳ እርምጃ ሄደን ልጆቹን ማየት እንችል ነበር እኮ!

ርእሰ መምህሩ ቅን ሰው ናቸው። «ሳይጣራ መናገር ኃላፊነት የጎደለው ነው፤ የጤና ባለሙያው ይምጣና እናሳውቃለን» ብለው ስልካቸውን ዘጉ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ወሬው ገበያውን አዳረሰው። 5 ሰዓት ላይ ወላጆች እየሮጡ መጡ። ጥበቃው በሩን ዘጋ፤ በሩ መዘጋቱ ደግሞ «ሬሳ ሊደብቁ ነው» አሰኘ። ሕዝቡ በሩን ገፋ፤ በሩ ተከፈተ፤ በግፊያው አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። አንዲት እናት ነጠላቸው መሬት ላይ ወድቆ እኛን አዩንና «እናንተ ልጆች፣ መምህራን ናችሁ አይደል? ታዲያ እውነቱን ማን ይንገረን?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ከሰዓት በኋላ የጤና ባለሙያው እንዳስረዱት የመጀመሪያዋ ልጅ ቁርስ ሳትበላ ከሩቅ በእግሯ መጥታ ነው የወደቀችው። የቀሩት አራቱ ደንግጠው ነበር። ውሃውም በኋላ ተመርምሮ ደህና መሆኑ ተነገረ። እንግዲህ መርዝ አልነበረም። የተሰበረው እጅ ግን እውነት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ «አንድ መሥሪያ ቤት ክፉ ነገር ሲደርስበት ምን ይናገር? መቼ ይናገር? በየት ይናገር?» የሚለውን ጥያቄ ስናጠና ሰንብተን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

1. የቃሉ ትርጉም

በመሠረቱ ቀውስ ማለት ማንኛውም ችግር ማለት አይደለም። ጠመኔ ማለቁ ችግር ነው፤ ቀውስ አይባልም። አንድ ነገር የመሥሪያ ቤት ቀውስ ነው የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው።

ሀ) ድንገት ሲደርስ፣
ለ) ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጥ ሲያጣድፍ፣
ሐ) የሰውን ሕይወት ወይም ሕዝቡ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለውን እምነት አደጋ ላይ ሲጥል።

የቀውስ ጊዜ ተግባቦት የምንለው እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ በዚያ ሰዓት ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚሰጠው ቃል፣ የሚቀበለው ጥያቄና የሚመልሰው መልስ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ስንልም ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ዛሬ ኤክስ የሚባለውን የቀድሞውን ትዊተር፣ ዩቲዩብን፣ ቲክቶክንና እነዚህን የመሳሰሉትን ማለታችን ነው።

ጢሞቲ ኩምስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ቀውሶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተጠቂ የሆነበት ነው፤ ለምሳሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም የሐሰት ወሬ። ሁለተኛው ሳይታሰብ የተፈጠረ ጉድለት ነው፤ ለምሳሌ የመሣሪያ ብልሽት። ሦስተኛው መከላከል እየተቻለ በቸልተኝነት ወይም በክፋት የመጣ ነው። ጥፋቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ እየቀረበ በሄደ መጠን ንግግሩም ከማስተባበል ወደ ማመን፣ ይቅርታ ወደ መጠየቅና ወደ መካስ መሄድ አለበት ይላሉ። ይህም ከአገራችን የሽምግልና ልማድ ጋር የሚሄድ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ያመነና የካደ እኩል አይዳኙምና።

2. ከነጋሪት እስከ ቴሌግራም

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የዘመኑ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን በቀድሞ ዘመን አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆሞ ነጋሪት አስጎስሞ ሲናገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ይህስ ዛሬ «ሼር አድርጉ» ከምንለው በምን ይለያል? መርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የሚገኝባት ጥንታዊ ሥፍራ ናት። በዚያን ዘመን የነበሩ ሰዎችም ክፉና ደግ ሲሰሙ «ማን አለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነጋሪቱ ባለቤት ነበረው፤ ማን እንዳስጎሰመው ይታወቃል። ዛሬ ግን ሁሉም በኪሱ ነጋሪት ይዞ ይዞራል። ሁለተኛ፣ ነጋሪቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይናገር ነበር፤ ስልኩ ግን ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይሰድባልም። ስለዚህ ዛሬ «ማስታወቂያ ለጥፌአለሁ» ብሎ መተኛት አይቻልም። ከለጠፉ በኋላ መስማትም አለ።

3. አብነት አንድ፦ የበረራ ቁጥር 302

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ግንኙነቱ ተቋረጠ። አውሮፕላኑ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። ከመንገደኞቹ 32ቱ ኬንያውያን፣ 18ቱ ካናዳውያን ነበሩ።

አየር መንገዱ በዚያው ጠዋት በፌስቡክና በትዊተር ገጾቹ መግለጫ አወጣ። የመጀመሪያው መግለጫ ምን እንደያዘ ማጤን ይገባል። የበረራውን ቁጥር፣ የአውሮፕላኑን መለያ፣ የተነሣበትንና ግንኙነት ያቋረጠበትን ሰዓት፣ ተሳፍረዋል ተብሎ የሚታመነውን የሰው ብዛት ተናገረ። ስለ ተራፊዎች ገና የተረጋገጠ ነገር እንደሌለና ፍለጋው በመካሄድ ላይ መሆኑን አልደበቀም። ለቤተሰብ የመረጃ ማዕከልና ስልክ እንደሚዘጋጅም አሳወቀ። ከዚያ በኋላ መግለጫዎቹ ቁጥር እየተሰጣቸው ተከታትለው ወጡ። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በአደጋው ሥፍራ፣ በተቆፈረው መሬት ላይ ቆመው የሚያሳየው ፎቶግራፍም በዚያው ቀን በአየር መንገዱ ገጽ ወጣ። በማግሥቱም የቀሩትን የማክስ 8 አውሮፕላኖች ለጥንቃቄ ከበረራ ማገዱን ይፋ አደረገ።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው አየር መንገዱ ሁሉን ስላወቀ አለመናገሩ ነው። የአደጋው ምክንያት በዚያ ቀን አልታወቀም ነበር። የሚያውቀውን «ይህን አውቃለሁ»፣ የማያውቀውን «ይህን ገና አላውቅም» ብሎ ለይቶ ነው የተናገረው። የእኛ ርእሰ መምህር «ሳይጣራ አይነገርም» ሲሉ ያልታያቸው ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው። በዝምታና በወሬ መካከል «እያጣራን ነው» የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ።

ይህ ሲባል ግን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለት አይደለም። ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ ሊቀበሉ የቆሙ ሰዎች መረጃ ዘገየብን ብለው ማማረራቸው በጊዜው ተዘግቧል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫ በትዊተር ወጥቶ ዓለም ሲቀባበለው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘመድ ነበር። በአገራችን መርዶ የራሱ ወግ አለው። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ስልክ ግን ይህን ወግ አያውቅም። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ከገጹ በፊት ወይም ቢያንስ ከገጹ እኩል ወደ ቤተሰብ መድረስ አለበት የሚለው ትምህርት ከዚህ ይገኛል።

በሌላ በኩል አምራቹን ቦይንግን እንመልከት። ከ5 ወር ገደማ በፊት፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ የኢንዶኔዥያው የላየን አየር መንገድ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ቦይንግ ከሁለተኛው አደጋ በኋላም በአውሮፕላኑ ደኅንነት ሙሉ እምነት እንዳለው ተናገረ። መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት አብራሪዎቹ በአምራቹ የተሰጠውን መመሪያ ደጋግመው መከተላቸውን ገለጸ። በዚያው ዕለት የቦይንግ ኃላፊ በቪዲዮ ቀርበው በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው የቁጥጥር ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ መነሣቱን አመኑ። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2019፣ ኃላፊው ከሥልጣናቸው ተነሡ። እንግዲህ ፈጥኖ መናገር ብቻውን አይበቃም። ፈጥኖ የተናገሩት ነገር በኋላ ከማስረጃ ጋር ከተጋጨ የሚያተርፈው እፍረት ነው።

4. አብነት ሁለት፦ የባንኩ ሌሊት

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በመልእክት መለዋወጫዎች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ። ተማሪ ከአልጋው ተነሥቶ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ጋ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው የወጣው ያልተገባ ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይጠጋል።

ይህ አብነት ለየት ይላል። በመጀመሪያው አብነት ማኅበራዊ ሚዲያው አደጋውን አላመጣውም። እዚህ ግን ጉድለቱ የመሣሪያ ቢሆንም ያባባሰው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው መልእክት ነው። ባንኩም ያው መንገድ ሄደ። የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰ፣ የደንበኞች ሂሳብም እንዳልተነካ ገለጸ፤ ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ መግለጫ ሰጡ፤ በፈቃዱ የመለሰ ሰው እንደማይከሰስ ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ በየገጻቸው አሳሰቡ። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ተመለሰ። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

በኋላ ደግሞ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን «የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ማፈር አለባቸው» አልን። ሌሎቻችን «ፍርድ ቤት ሳይፈርድ የተለጠፈ ፎቶ በኋላ በስሕተት ቢሆን ማን ያነሣዋል? ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር እንደ ግድግዳ ማስታወቂያ አይላጥም» አልን። አልተስማማንም። አንባቢያን እንድትፈርዱ ለመልመጃው ትተነዋል።

5. አብነት ሦስት፦ የ2008ቱ ፈተና

ይህኛው የእኛው የትምህርት ዓለም ጉዳይ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ ወጣ። ወረቀቱን ያሠራጩት ወገኖች በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ብዙ ተማሪዎች ትምህርት አምልጧቸዋልና ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄ ነበራቸው። ትምህርት ሚኒስቴርም ፈተናውን ሰረዘ። ከ250 ሺሕ በላይ ተፈታኞች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሐምሌ ፈተናው እንደ ገና ሲሰጥ መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያዎችን ለጊዜው ዘጋ።

መዝጋት አንድ ዘዴ ነው፤ ፈተናውም ተሰጥቷል። ነገር ግን ለተግባቦት ትምህርት አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በሩ ሲዘጋ ወሬው ብቻ ነው ወይስ ማስተባበያውም ነው የሚዘጋው? መንገዱ ሲዘጋ ተፈታኙ «ፈተናው እንደ ገና ወጥቷል» የሚል የአፍ ወሬ ቢሰማ የሚኒስቴሩን ገጽ ከፍቶ ማየት አይችልም። የእኛ ትምህርት ቤት በር ሲዘጋ የሆነውን አስታውሱ።

6. ዝምታ የሚያስከፍለው

ወሬ ሰው ይገድላል ወይ? ይገድላል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም ምድር፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የጤና ጥናት ሊያካሂዱ የሄዱ ተመራማሪዎች «ለልጆች የሚጎዳ ክትባት ሰጡ» የሚል ወሬ ተነሥቶባቸው ሁለቱ በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ሕዝቡ ልጁን የሚወድ ሕዝብ ነው። የገደለውም ክፉ ሆኖ ሳይሆን ልጄን ገደሉብኝ ብሎ ነው። ታዲያ ቀደም ብሎ ማን እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ፣ ምን እንደሚያደርግ ሕዝቡ በሚያምነው አንደበት በደንብ ቢነገረው ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። እኛም ያን ጽሑፍ ስናሻግር ከዚህ ምን ያህል ርቀን ነበር? ብዙም አልራቅንም።

7. ለሥራ የሚሆኑ ደንቦች

ከላይ ካየነው ተነሥተን የሚከተሉትን ስምንት ደንቦች አውጥተናል።

1ኛ) ገጹን በደህናው ቀን ክፈት። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚከፈት ገጽ ማንም አያምነውም። የፈተና ፕሮግራም፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የዛፍ ተከላ ሲለጠፍበት የኖረ ገጽ ግን ይታመናል። የይለፍ ቃሉንም ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ።

2ኛ) በመጀመሪያው ሰዓት ተናገር። አራት ነገር ይበቃል፦ የሆነው ምንድን ነው? ገና ያልታወቀው ምንድን ነው? ምን እየተደረገ ነው? ቀጣዩ ቃል መቼ ይመጣል?

3ኛ) የሰጠኸውን ሰዓት አክብር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የተመረመሩትን፣ የተያዙትን፣ ያገገሙትንና የሞቱትን ቁጥር በገጻቸው ያወጡ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሰው ቃሉ እንደሚመጣ ካወቀ በመሐል የሚመጣውን ወሬ ይታገሳል። አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ «አዲስ ነገር የለም» ማለት ራሱ ቃል ነው።

4ኛ) በአንድ አፍ ተናገር። ርእሰ መምህሩ አንድ፣ ምክትሉ ሌላ፣ ጥበቃው ሦስተኛ ከተናገሩ ሕዝቡ የሚያምነው አራተኛውን ወሬ ነው።

5ኛ) ሰውን አስቀድም። ቤተሰብ ከሕዝብ በፊት ይወቅ። የታመመ ልጅ ፎቶግራፍ አይለጠፍ፤ ስሙም አይጠራ።

6ኛ) አንብብ፣ መልስ። ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ስድብ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ ፍርሃት የሚታይበት መስኮት ነው። ደጋግሞ የተጠየቀውን ለይተህ አንዴ በግልጽ መልስ። ከተሳዳቢ ጋር ግን እሰጥ አገባ አትግባ።

7ኛ) ስትሳሳት በግልጽ አርም። ጽሑፉን አጥፍቶ ዝም ማለት አይበጅም፤ አንድ ሰው ስክሪን ሹት ይዞታል። «ቀደም ሲል ያልነው ስሕተት ነበር፤ ትክክለኛው ይህ ነው» ማለት እምነትን ያተርፋል።

8ኛ) ስልክ ለሌለውም ንገር። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ኔትወርክ ቢኖርም ብዙ ወላጅ የሚደወልበት ስልክ እንጂ ቴሌግራም የለውም። ስለዚህ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር ማስታወቂያ፣ የገበያ ድምፅ ማጉያ፣ ሬዲዮ ሁሉም በዝርዝሩ ይግቡ።

የመጀመሪያው ሰዓት ቃል በተግባር ምን ሊመስል እንደሚችል በዚያ ቀን መባል የነበረበትን ጽፈን እነሆ፦

«ለተማሪ ወላጆች። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ራሷን ስታ ወድቃለች። አራት ተማሪዎችም አሞናል ብለዋል። አምስቱም በሕይወት አሉ፤ ይናገራሉ። የሕመሙ ምክንያት ገና አልታወቀም። የጤና ባለሙያ ተጠርቷል። ለጥንቃቄ ሲባል የቧንቧውን ውሃ ማንም እንዳይጠጣ አድርገናል። የአምስቱን ልጆች ወላጆች ለየብቻ እየጠራን ነው። ሌሎች ወላጆችም ልጃችሁን ማየት ከፈለጋችሁ በሩ ክፍት ነው፤ መምህራን ተቀብለው ያስገቧችኋል። ቀጣዩን ቃል 5 ሰዓት ላይ እንነግራችኋለን። ርእሰ መምህር።»

ይህን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ቆጥረን አይተነዋል፤ ሰባት ደቂቃ ፈጀብን።

8. ጉዳዩ ለእኛ ለመምህራን

«ይህ የኃላፊዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ነገ በየገጠሩ ስንመደብ በቀበሌው ውስጥ የተማረና ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። «መምህር፣ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» ይባላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 መኖሩንም ማወቅ ደግ ነው፤ ዋናው ነገር ግን የሕግ ፍራቻ ሳይሆን የልጆቹ አደራ ነው።

ትምህርቱን በክፍል ለማስተማር ለ40 ደቂቃ የሚሆን ዕቅድ እንዲህ አዘጋጅተናል፦

ሀ) 5 ደቂቃ፦ የጆሮ ለጆሮ ጨዋታ። መምህሩ ለፊተኛው ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር በጆሮው ይነግራል፤ እየተቀባበሉ መጨረሻው ይናገራል። የጠፋውና የተጨመረው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

ለ) 10 ደቂቃ፦ ውይይት። ቃሉ ለምን ተለወጠ? ማን ዋሸ? (ብዙውን ጊዜ ማንም አልዋሸም። ትምህርቱም ይኸው ነው።)

ሐ) 15 ደቂቃ፦ በቡድን ሆነው የመጀመሪያውን ሰዓት ቃል ይጻፉ። «የትምህርት ቤታችን ጣራ በነፋስ ተነሥቷል» የሚለውን መነሻ ይውሰዱ።

መ) 10 ደቂቃ፦ ቡድኖቹ ያንብቡ፤ ክፍሉ አራቱ ነገሮች መሟላታቸውን ይመርምር።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነው። ስልክ አያስፈልግም።

መልመጃ

1. ቀውስንና ተራ ችግርን ለይታችሁ ከተቋማችን ኑሮ ሁለት ሁለት ምሳሌ ስጡ።
2. የበረራ 302 የመጀመሪያ መግለጫ ከአራቱ ነገሮች የትኞቹን አሟልቷል?
3. ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ማድረግ ተገቢ ነበርን? ደግፋችሁ ወይም ተቃውማችሁ ተከራከሩ።
4. ኔትወርክ ቢጠፋ የተቋማችን ማስታወቂያ በምን በምን መንገድ ወላጅ ጋ ይደርሳል? ዝርዝር አውጡ።

መዝጊያ

ታሪካችንን ሳንጨርስ ብንተወው ሐቅ መሸሸግ ይሆንብናል። ያሻገርነው ሦስታችን ማታውኑ በዚያው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ቀን ያሻገርነው ጽሑፍ ሐሰት ነበር፤ ሳናጣራ ነው ያስተላለፍነው፤ ይቅርታ» ብለን ጻፍን። ወሬው ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ አናውቅም። ማስተካከያችን ግን ከዚያ ቡድን ሲያልፍ አላየንም። በማግሥቱም ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀርበን ነገርናቸው። ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ «ልጆቼ፣ እናንተ ፈጠናችሁ፣ እኔ ዘገየሁ። ልጁን ሁላችን ነን የሰበርነው» አሉ።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ እጁ እንደታሰረ ወደ ክፍል ተመለሰ። ከእኛ አንዷ የዚያ ክፍል ተለማማጅ ነበረች። በግራ እጁ ስሙን ሊጽፍ ሲታገል፣ ፊደሉ እየተንጋደደበት «መምህርት፣ እንዲህ ቢሆንም ያርሙልኛል?» ብሎ ጠየቃት። «አርምልሃለሁ» አለችው። ምክንያቱን ግን አልነገረችውም።

እንግዲህ አንባቢያን፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ያባቶች ቃል ደግ ቃል ነው። እኛ ከፊቱ አንድ ነገር ጨምረንበታል፦ ሳታሰማ ሄደህ እይ። ሃምሳ እርምጃ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የመልመጃውን መልስና ነቀፌታችሁን ጽፋችሁ በጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ጨምሩልን። ከመምህራን የሚመጣውን እርማት በሚቀጥለው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።